ስቴፖቹን (የአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎችን) ጨርሻለሁ፣ ሥራዬ ግን አስተርጓሚ ነው። የቨርጂኒያን አዲሱን የሐኪም ፈቃድ የሞከረ አለ?

አስተርጓሚው_ዶክተር

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

አገር ቤት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነበርኩ። በጠቅላላ ሐኪምነት የተመረቅኩት በ1999 ዓ.ም. ነው። ክፍለ ሀገር ወጥቼ ሠራሁ፣ ተመልሼ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ተማርኩ፣ ከዚያ ዋርድና ማስተማር። በ2011 ዓ.ም. ዲቪ ደረሰን። የሞላችው ሚስቴ ናት፤ እኔ እንኳን አላምንበትም ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ገባን።

ስቴፕ 1ን ያጠናሁት ሌሊት ጋራዥ እየጠበቅኩ ነው። ቀጥሎ ስቴፕ 2 ሲኬ። እንግሊዝኛ መቻሌን ለማሳየት ደግሞ ኦኢቲ ተፈተንኩ (ሕክምናን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርኩ ሰውዬ!)። ስቴፕ 3ንም ጨመርኩ። ውጭ አገር የተማርን ሐኪሞች እዚህ ሬዚደንሲ ለመግባት የሚያስፈልገን የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬቴ መጣ። ሚስቴ ግድግዳ ላይ ስቀለው ትለኛለች። እምቢ ብያታለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ማች (ሐኪሞችን ከሬዚደንሲ ቦታ ጋር የሚያገናኘው ዓመታዊ ምደባ) ሁለት ጊዜ ገባሁ። በመጀመሪያው ዙር 120 ፕሮግራም አመለከትኩ፣ ለማመልከቻ ብቻ 3000 ዶላር ገደማ ወጣ። አንድ ኢንተርቪው አገኘሁ። በሁለተኛው ምንም። ብዙ ቦታ ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚያየው ሰው አይደለም፣ ኮምፒዩተር ነው። ከተመረቅህ አምስት ዓመት ካለፈህ እዚያው ተጣርተህ ትወጣለህ። ከዚያ "የአሜሪካ ክሊኒካል ልምድ አለህ?" ይሉሃል። ፈቃድ ከሌለህ በሽተኛ መንካት አትችልም፤ በሽተኛ ካልነካህ ልምድ የለህም። ገንዘብ ከፍለህ ግድግዳ ተደግፈህ የምትመለከትበት ኦብዘርቨርሺፕ ግን ሞልቷል።

የማች ሳምንት ሰኞ መልእክቱ ሲመጣ መኪና ውስጥ ነበርኩ። በሁለት ቀጠሮ መሃል፣ የአንድ ክሊኒክ ፓርኪንግ። "እናዝናለን" የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ቀሪውን አላነበብኩም። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ቀጣዩ ቀጠሮ የኩላሊት ሐኪም ጋ ነበር፣ አንድ ሽማግሌ ይጠብቁኛል።

አሁን የጻፍኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ለአንዲት እናት ለማስተርጎም ሄድኩ። ስድሳዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው። ወረፋ ስንጠብቅ ስለ ኮንዶሚኒየማቸው ያወራሉ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። "ደረጃው ላይ ይሄ ጨጓራዬ ይነሣብኛል ልጄ። ቆም ስል ይለቀኛል" አሉኝ። መዳፋቸውን ያስቀመጡት ሆዳቸው ላይ አይደለም። ደረታቸው መሃል ነው።

ውስጥ ስንገባ ሐኪሙ ምን እንደሚያማቸው ጠየቀ። ለሰው ላለማስቸገር ነው መሰለኝ፣ "ጨጓራዬ ነው፣ የቆየ ነው" ብለው ዝም። እኔም እንዳሉት ተረጎምኩ። ወጣቱ ሐኪም የአሲድ መድኃኒት መጻፍ ጀመረ። የአስተርጓሚ ደንብ ግልጽ ነው፦ ያልተባለ አትጨምር፣ ውጭ የተወራውን አታስገባ፣ ምክር አትስጥ። አንዲት ቀዳዳ ግን አለች። የቃሉ ትርጉም ሊያሳስት የሚችል ከመሰለህ "አስተርጓሚው ማብራሪያ ሊሰጥ ይፈልጋል" ማለት ትችላለህ። አልኩ። እኛ ዘንድ ጨጓራ የሚለው ቃል እስከ ደረት ድረስ እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚነሣባቸው ቢጠየቁ ጥሩ እንደሚሆን ተናገርኩ። ጠየቃቸው። ደረጃውን ነገሩት። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሣ፣ አምቡላንስ ተጠራ፣ በማግስቱ የጠበበውን የልብ ደም ሥር የሚከፍት ስቴንት ገባላቸው።

ሐኪሙ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልወቅሰውም። ስንለያይ "አመሰግናለሁ፣ አስተርጓሚ" አለኝ። ስሜን አያውቀውም፣ ደንቡም እንደዚያ ነው።

ጥያቄዬ፦ ቨርጂኒያ በ2024 ያወጣችውን፣ ውጭ አገር ለሠሩ ሐኪሞች የሚሰጠውን ጊዜያዊ ፈቃድ የሞከረ አለ? ወይስ ሦስተኛ ማች ልግባ?

ሬዚደንቷ_ኦሃዮ

ዶክተር፣ አንብቤ አለቀስኩ። አሁን ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልናገር።

ውጭ አገር ከተመረቅነው መካከል የአሜሪካ ዜግነት የሌለን በ2024 ማች የተሳካልን 58 በመቶ ገደማ ነን። እዚሁ አገር ኤምዲ (የሕክምና ዲግሪ) በዚያው ዓመት የሚጨርሱት ከ93 በመቶ በላይ። ግን 58 በመቶው ውስጥ አዲስ ተመራቂው ነው የሚበዛው። ካንተ የምረቃ ዓመት ጋር ሦስተኛ ማች መግባት ሎተሪ መቁረጥ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አለህ፣ እኔ የለኝም። ግሪን ካርድ። እኔ ጄ-1 (የሥልጠና ቪዛ) ላይ ነኝ። ለጄ-1 የአገር ቤት መንግሥት "ይህቺ ልጅ ሰልጥና ትመለስልን" የሚል ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ስጨርስ ወይ ሁለት ዓመት አገሬ መመለስ፣ ወይ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ፣ ብዙ ጊዜ ገጠር፣ ሦስት ዓመት መሥራት። ኮንራድ 30 የሚባለው ነው፣ ለአንድ ስቴት በዓመት ሠላሳ ሰው። ኦሃዮ ገጠር ሽሮ የሚሸጥበት የለም ብዬ ከወዲሁ እያዘንኩ ነው 😅

ጋሽ_ፓርኪንግ

ልጆች፣ እኔ ዲሲ ሃያ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። አንድ ጋራዥ ላይ በአንድ ፈረቃ ሁለት ሐኪም፣ አንድ መሐንዲስና አንድ የመሬት ቢሮ ኃላፊ የነበሩ ሰዎች አብረውኝ ሠርተዋል። አንድ ደንበኛ መኪናው ውስጥ ራሱን ሳተ። ሁለቱም ሐኪሞች ሮጡ። አምቡላንስ ሲመጣ ሠራተኛው "ዞር በሉ፣ ባለሙያ አለ" አላቸው። ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ!

ዶክተሬ፣ አንተን ለማናናቅ አይደለም። አንዱ ዛሬ ነርስ ነው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቶ። ቤት ገዝቷል። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ነው። አንተስ ለምን አትሞክርም?

ልጇ_ነኝ

ሰላም ሁላችሁ። ለየት ያለ ነገር ልጻፍ፣ ድንጋይ እንዳትወረውሩብኝ።

እናቴ አገር ቤት ሆድ ዕቃዋ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ተበላሽቶ፣ እዚህ መጥታ ነው ሁለተኛ የተሠራላት። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። እኔ የሐኪም ፈቃድ ቢከብድ ቅር አይለኝም። ይክበድ! "ውጭ የተማሩ ሐኪሞች ፈተና ይቀነስላቸው" የሚል ነገር ስሰማ ያስፈራኛል። የእናቴን ሆድ የሚከፍተው ሰው ቢጠበጠብ ይሻለኛል።

አስተርጓሚው_ዶክተር

@ልጇ_ነኝ እህቴ፣ ድንጋይ የለም። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔም ፈተና ይቀነስ አላልኩም። ስቴፕ 1 ስምንት ሰዓት፣ ስቴፕ 2 ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጬበታለሁ። እዚሁ የተማረ ልጅ የሚፈተነውን ያንኑ ፈተና ነው። አንድም ጥያቄ አልተቀነሰልኝም፣ እንዲቀነስልኝም አልጠየቅኩም።

እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እጄን ያየ ሰው የለም። አንድ ሐኪም አጠገቤ ቆሞ፣ በሽተኛ ስመረምር አይቶ "ይሄ ሰውዬ አይችልም" ቢለኝ እሺ ብዬ ነርስነት እማራለሁ። ይህን ያለኝ ሰው የለም። ያለኝ የተመረቅኩበት ዓመት ነው።

@ጋሽ_ፓርኪንግ ጋሼ፣ ነርስነትን አልናቅሁም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዳግመኛ ሀሁ ብዬ ስጀምር ያችን ጨጓራ ያሉ እናት ያየሁበት ዓይን የት ይሄዳል?

ካሰል_ያለሁት

ከጀርመን ነኝ። ጀርመን ገነት ነው አልልም፣ ወረቀቱ ያስመርራል። አሥራ ስድስቱም ክልሎች የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው፤ አንዱ በስድስት ወር የሚጨርሰውን ሌላው ዓመት ተኩል ያቆየዋል። ግን አንተ "እጄን ያየ የለም" ያልከውን እዚህ አይተውታል፤ ለዚያ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሕክምና ቋንቋ ፈተና ነው፣ ፋኽሽፕራኽፕሩፉንግ። ሃያ ደቂቃ በሽተኛ ሆኖ ከሚተውን ሰው ጋር ታወራለህ፣ ሃያ ደቂቃ የሐኪም ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ ሃያ ደቂቃ ለሌላ ሐኪም ታስረዳለህ። እኔን የገደለኝ ደብዳቤው ነው። ሃያ ደቂቃ! እኛ አገር ካርድ ላይ በሦስት መስመር የምንጨርሰውን ሙሉ ገጽ በጀርመንኛ፣ ግሡ ሁሉ መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ወደቅኩ።

እሱን ስታልፍ ቤሩፍስኤርላውብኒስ የሚባል ጊዜያዊ ፈቃድ ልታገኝ ትችላለህ። እስከ ሁለት ዓመት። ሆስፒታል ገብተህ በኃላፊ ሥር ትሠራለህ፣ ደሞዝ ይከፈልሃል። እየሠራህ ለኬንትኒስፕሩፉንግ ታጠናለህ። እሱ የቃልና የተግባር ፈተና ነው፣ እውነተኛ በሽተኛ ይሰጡሃል። መርምረህ ሦስት ሐኪሞች ፊት ታቀርባለህ። አንዱ ፈታኜ ጉበት ስዳብስ አይቶ "የት ተማርክ?" አለኝ። ነገርኩት። "እኛ ጋ አልትራሳውንድ ስለለመዱ ልጆቻችን እንዲህ መዳበስ ትተዋል" አለ። አለፍኩ። አፕሮባትሲዮኔ (ሙሉ ፈቃዴ) ከሁለት ወር በኋላ መጣ።

ሰውዬው እየሠራ ይታያል፣ ካልቻለ ይወድቃል። የእህታችን የ@ልጇ_ነኝ እናትም የምትጠበቀው በዚህ ነው እንጂ የምረቃ ዓመት በማጣራት አይመስለኝም።

ማንቸስተር_ዝናብ

እንግሊዝ ደግሞ ፕላብ የሚባል የሐኪም ፈተና ነው። ሁለተኛው ፈተና እዚሁ ማንቸስተር ነው የሚሰጠው፣ አሥራ ስድስት ጣቢያ ትዞራለህ። ኢትዮጵያ ሐኪም ካነሰባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ሆስፒታሎች እኛ አገር ሄደው መመልመል አይችሉም። ራስህ ካመለከትክ ግን ማንም አይከለክልህም። ፈተናውን ያለፈው በዝቶ አሁን ለአንድ ቦታ መቶዎች ያመለክታሉ። ስለዚህ ወደዚህ አልጠራህም ወንድሜ።

ሂሳብ_ወዳድ

ብዙ ሰው የማያነሣውን ላንሣ። አሜሪካ ውስጥ የሬዚደንሲ ቦታ ለምን አነሰ? ለሬዚደንቶች በዋናነት የሚከፍለው ሜዲኬር፣ የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ የበጀት ሕግ ሜዲኬር የሚከፍልላቸው ቦታዎች በ1996 በነበሩበት ቁጥር ላይ ተቆለፉ። ሕዝቡ ጨመረ፣ ሽማግሌው በዛ፣ ቁልፉ አልተከፈተም። በ2020 መጨረሻ ላይ 1000 ቦታ ተጨመረ፣ በየዓመቱ እየተቆነጠረ የሚሰጥ። ስለዚህ አስተርጓሚው ዶክተር ከሌሎች ሐኪሞች ጋር የሚሻማው ወንበር ነው፣ ዕውቀት አይደለም።

ስቴቶቹ ሌላ በር መክፈት የጀመሩትም ለዚህ ነው። ቴነሲ በ2023 ሕግ አወጣች። በ2024 ፍሎሪዳና ቨርጂኒያ ተከተሉ። የቨርጂኒያው እኔ እንዳነበብኩት እንዲህ ነው፦ ኢሲኤፍኤምጂ ያለህ፣ ስቴፖቹን ያለፍክ፣ በአገርህ ፈቃድ ኖሮህ የሠራህ ከሆንክ፣ የሚገመግምህ ተቋም ካገኘህ፣ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጥሃል። ከዚያ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ የተገደበ ፈቃድ፣ ከዚያ ሙሉ።

አሁን መርዙን ልንገርህ። አንደኛ፣ ተቋሙን ማን ይሰጥሃል? ሕጉ በር ከፈተ እንጂ ሆስፒታልን አያስገድድም። ሁለተኛ፣ ሙሉ ፈቃድ ብታገኝም የቦርድ ሰርተፊኬት (የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ) የሚሰጡት ማኅበራት በአብዛኛው የአሜሪካ ሬዚደንሲ ይጠይቃሉ። ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ሆስፒታሎች ደግሞ ቦርድ ይጠይቃሉ። ፈቃድ ያለው፣ ግን ኢንሹራንስ የማይከፍለው ሐኪም ልትሆን ትችላለህ። ሦስተኛ፣ ጊዜያዊ ፈቃድህ በአንድ አሠሪ እጅ ነው። ደሞዝ ዝቅ ቢያደርጉብህ ወዴት ትሄዳለህ?

ሬዚደንቷ_ኦሃዮ

@ሂሳብ_ወዳድ ሦስተኛው እውነት ነው፣ ግን እኔም ጄ-1 ላይ በአንድ አሠሪ እጅ ነኝ። ማን ያልታሰረ አለ? ዶክተር፣ ተቋም ስትፈልግ ትልልቆቹን ተዋቸው። የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችን አንኳኳ፣ የሐበሻ በሽተኛ የሚበዛባቸውን። "አማርኛ የሚናገር የውስጥ ደዌ ሐኪም" ማለት ለእነሱ አስተርጓሚ መቀነስ ነው።

ጥቁር_ቡና_አዲስ

ዋርድ ላይ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ። ይህን ሁሉ በስልኬ አነበብኩ።

እውነት ልናገር? ተናድጃለሁ። እኛ አገር ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ነው ያለው። እናንተ ኦሃዮና ካሰል ሆናችሁ ስለ ፍትሕ ታወራላችሁ። ያቺ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ስቴንት አገኙ፣ እሰየው። ዛሬ ማታ እኔ ዋርድ ያሉት እናት ስቴንት የሚባል ነገር የሚያገኙት ብር ካላቸው ነው። ፍትሐዊ ፈቃድ፣ ፍትሐዊ ፈቃድ… እኔን ማን ፈቀደልኝ ብቻዬን አርባ በሽተኛ እንዳይ?

ጋሽ_ፓርኪንግ

@ጥቁር_ቡና_አዲስ ልጄ፣ ብትናደድም አልፈርድብህም። ግን እሱ እዚህ ፓርኪንግ ቢሠራ አንተ ዋርድ ውስጥ አንድ በሽተኛ ይቀንስልሃል? አይቀንስልህም። አገሩም አጣው፣ ይሄም አገር አልተጠቀመበትም።

ጥቁር_ቡና_አዲስ

@ጋሽ_ፓርኪንግ እሱንማ አውቃለሁ ጋሼ። ለዚህም ነው የሚያበሳጨኝ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ስለ ደሞዝ ሥራ ስናቆም "ከሄዱት ጋር ሂዱ" ያለን ሰው ነበር። የሄዱት ደግሞ ይኸው ያስተረጉማሉ።

ይቅርታ፣ ጠሩኝ። እመለሳለሁ።

ልጇ_ነኝ

የካሰሉን ወንድሜን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ሐሳቤን ትንሽ ቀየርኩ። ሰው እየሠራ ቢታይ እስማማለሁ፣ የሚያየው ሰው ግን እውነት የሚያይ ይሁን። ፊርማ ለመፈረም ብቻ አይሁን። አስተርጓሚው ዶክተር፣ ያን ቀን ያቺ እናት የእኔ እናት ብትሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። እናቴም ሁሉንም ነገር ጨጓራ ነው የምትለው።

አስተርጓሚው_ዶክተር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወሰንኩ፣ ማች ይቅር። ቨርጂኒያን እሞክራለሁ። አርሊንግተን አካባቢ ሁለት ጤና ጣቢያ አውቃለሁ፣ በአስተርጓሚነት የምገባባቸው ናቸው። ነገ ጠዋት አንደኛው ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ ሥራ አስኪያጇን ከቀጠሮው በኋላ ለማናገር አስባለሁ። ምን እንደምላት ገና አላወቅኩም።

@ሂሳብ_ወዳድ የቦርዱን ነገር አስፈራኸኝ፣ ግን ባውቀው ይሻለኛል።

አሁን የያዘኝ ሌላ ነው። አገር ቤት ፈቃድ እንደነበረኝና ቅጣት እንደሌለብኝ የሚገልጽ ጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ከጠየቅኩ አራት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ "ፋይልህ የለም" አሉ። ከዚያ "አለ፣ ግን ሌላ ስም ነው" አሉ፤ የአባቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነው። ከዚያ የፈረመው ሰው ተዛወረ። ጉድ ስታንዲንግ ሳይሆን ጉድ ብቻ ሆነብኝ። የሬዚደንሲዬን የሥራ ዝርዝር የሚያረጋግጥ ወረቀትም ከተማርኩበት ትምህርት ክፍል እፈልጋለሁ፣ እሱም ዝም።

ካሰል_ያለሁት

እኔ ያችን ደብዳቤ ስጠብቅ የጀርመን ማመልከቻዬ ሁለት ጊዜ ጊዜው አልፎበታል። ኢሜይል አይሠራም። ሰው በእግሩ መሄድ አለበት።

ጥቁር_ቡና_አዲስ

ተመለስኩ። አንዷ አልፋለች፣ ሌላዋ ተሽሏታል። እንዲህ ነው ሌሊቱ።

ዶክተር፣ የተማርክበት ትምህርት ክፍል የእኔም ነው መሰለኝ። የጽሕፈት ቤቱን እናት አውቃቸዋለሁ፣ የማህደሩ ክፍል ቁልፍ ያላቸው እሳቸው ናቸው። በስልክ አይሰሙም፣ ፊት ለፊት ካየኋቸው ግን አይነፍጉኝም። ማክሰኞ ከተረኝነት ስወጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሄድልሃለሁ። የሬዚደንሲ መግቢያ ዓመትህንና የአባትህን ስም በሁለቱም አጻጻፍ በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ የተሳሳተውንም የተስተካከለውንም። ጉድ ስታንዲንጉን ደግሞ ከሰዓት አየዋለሁ፣ ካልተኛሁ።

አስተርጓሚው_ዶክተር

ልኬልሃለሁ። የተሳሳተው "ወልደ" ላይ ነው፣ በ"ወ" ፈንታ "ው" ብለው ጽፈውታል።